የእርሻ መኪና በደጀን ሜዳ፤ ጥቅሙ እንዳለ ሆኖ ስለ አደጋው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ መሬቱ ከፊቱ ተከፍቶ የዓባይን በረሓ ያያል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከሺሕ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያም እንደ ገና ወደ ላይ ወጥቶ ደጀን ይደርሳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቀበቱ ካለቀ በኋላ ግን አገሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ገደሉ ከኋላ ይቀርና እስከ ሉማሜና እስከ ብቸና ድረስ ለጥ ያለ የእርሻ ሜዳ ይዘረጋል።

ይህ ሜዳ በአብዛኛው የተሸፈነው በጥቁር አፈር ሲሆን ገበሬው ዋልካ ይለዋል። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ሲርስ ደግሞ እንደ ሊጥ ሆኖ ሰውንም ከብትንም ይይዛል። ስሙ የተጠራው የጎጃም ነጭ ጤፍ፣ እንዲሁም ስንዴው፣ ሽምብራውና ጓያው የሚበቅሉት በዚሁ አፈር ላይ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ይህን መሬት ያረሰው በሬ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከእርሻው የሚበዛው በበሬ የሚታረስ ነው። ነገር ግን ማሳዎች በኩታ ገጠም እየተያያዙ መታረስ ከጀመሩ ወዲህ ትራክተሩ፣ ኮምባይነሩና የመውቂያው መኪና በየጊዜው እየተበራከቱ መጥተዋል።

ስለ ትራክተር ጥቅም ብዙ ተጽፏል፤ እኛም የተጻፈውን አንቃወምም። በዛሬው ጽሑፋችን ልንናገርለት ያሰብነው ብዙ ጊዜ ስለማይነገርለት ጉዳይ፣ ይኸውም የእርሻ መኪና በነጂው፣ በረዳቱ፣ በባለ ማሳውና በአጠገቡ በቆመው ሕፃን ላይ ሊያደርስ ስለሚችለው አደጋና አደጋውን ለማስቀረት ስለሚቻልበት መንገድ ነው። ይህንንም የምንጽፈው ገበሬው መኪናን እንዲፈራ ብለን ሳይሆን ጠባዩን ዐውቆ እንዲጠቀምበት ብለን ነው።

በሬውና መኪናው

ገበሬው የበሬን ጠባይ የሚማረው ገና እረኛ ሳለ ነው። የትኛው በሬ እንደሚዋጋ፣ የትኛው እንደሚደነግጥ፣ የትኛው ከቀንበር ሲፈታ እንደሚራገጥ ያውቃል። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር የተጋጠመ እንደ ሆነ በሬው ራሱ ይቆማል፤ ባይቆምም በድምፅ ይገታል፤ ቢደክመውም ይተኛል። መኪና ግን ከነዚህ አንዱም ጠባይ የለውም። «ቁም!» ቢሉት አይሰማም፤ አይደክመውም፤ በጣቶቹ መካከል የገባው ገለባ ይሁን የሰው እጅ ለይቶ አያውቅም። ክብደቱም ቢሆን፣ መካከለኛው ትራክተር ብቻውን ከሦስት ሺሕ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከአሥር ያገራችን በሬዎች ክብደት ጋር የሚተካከል ነው።

ስለ በሬ ያለው ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። የመኪናው ዕውቀት ግን ከመኪናው ጋር አብሮ ተጭኖ አይመጣም። በአገራችን የእርሻ መኪና ሙያተኞችን ለማሠልጠን የተደረገው ጥረት አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በባሕር ዳር የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የእርሻ መካኒክነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ትራክተርና ኮምባይነር በስንዴው አገር እንዲስፋፉ በር ከፍቷል፤ ምንም እንኳ በዚያው ምክንያት ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ቢነቀልም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹም በያኔዋ ናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሟል።

የደጀን አካባቢም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። በደርግ ዘመን በስም ከታወቁት የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አንዱ የየትኖራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ከታወጀ በኋላ ግን በየአገሩ የነበሩት አምራች ማኅበራት አብዛኞቹ ፈርሰው መሬቱም በሬውም ለየገበሬው ተከፋፈለ። ዛሬ መኪናው ተመልሶ የሚመጣው በሌላ መንገድ ሆኖ፣ በሚበዛው በኪራይ ነው። በማኅበር በነበረ ጊዜ መኪናው የታወቀ ቤትና የታወቀ ነጂ ሊኖረው ይችል ነበር፤ በኪራይ ሲሆን ግን ዛሬ በአንዱ ቀበሌ ውሎ ነገ በሌላው ስለሚያድር ባለ ማሳው የመኪናውን ልማድ፣ ነጂው ደግሞ የማሳውን ጠባይ ሳያውቁ ሥራው ይጀመራል። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ስለ መገልበጥ

በዓለም ላይ በትራክተር ከሚደርሱት አደጋዎች ብዙ ነፍስ የሚያጠፋው መገልበጥ ነው። መገልበጥም ሁለት ዐይነት ሲሆን አንደኛው ወደ ጎን፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ ነው።

ወደ ኋላ የሚገለበጥበትን ምክንያት ተማሪዎቻችን ከፊዚክስ ትምህርታቸው ጋር ቢያገናኙት በቀላሉ ይገባቸዋል። ሞተሩ የኋላውን ጎማ ያዞራል፤ ጎማው መዞር ከቻለ ትራክተሩ ወደ ፊት ይሄዳል። ጎማው በጭቃ ተይዞ መዞር ያልቻለ እንደ ሆነ ግን የሞተሩ ኀይል በከንቱ አይቀርም፤ ጎማውን ማዞር ሲያቅተው ትራክተሩን ራሱን በኋላው አክስል ዙሪያ ያዞረዋል። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ፤ ትራክተሩም ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ በነጂው ላይ ይከነበላል። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ነጂው ፍሪሲዮን ረግጦ ሊመልሰው የሚችለው ከዚህ ጊዜ በመጀመሪያው እኩሌታ ውስጥ ነው። ሰው አደጋውን አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ የሚፈጅበትም ከዚሁ እኩሌታ የሚተካከል ጊዜ ስለ ሆነ «ሲነሣ አየዋለሁ» ብሎ መተማመን አይገባም።

እንግዲህ ይህን ከዋልካው ጋር እናያይዘው። በሰኔ ዝናብ ጥቁሩ አፈር ሲርስ ትራክተሩ እስከ አክስሉ ይሰጥማል። ያን ጊዜ ረዳቱ ሮጦ ግንድ ወይም ድንጋይ ከኋላው ጎማ ፊት ይደቅናል፤ ወይም ግንዱን ከጎማው ጋር በሰንሰለት ያስራል፤ ነጂውም ሞተሩን አስጩኾ ወደ ፊት ለመውጣት ይታገላል። ይህ ቀና የሚመስለው እርዳታ ከዚህ በላይ የተናገርነውን ሁኔታ በራስ እጅ ማዘጋጀት ነው። የሚሻለው ዘዴ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ የተጎተተውን ዕቃ መፍታት፣ ቀጥሎ በጎማው ዙሪያ ያለውን ጭቃ በአካፋ መጥረግና በመጣበት ፈለግ ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቶ በዝግታ ለመውጣት መሞከር ነው። ይህም ካልሆነ ሌላ ትራክተር አምጥቶ ማስጎተት ይገባል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰንሰለቱ የተበጠሰ እንደ ሆነ እንደ ጅራፍ ስለሚመለስ ማንም ሰው በአጠገቡ መቆም የለበትም። ማናቸውም ዕቃ የሚጎተተው በስተኋላ ዝቅ ብሎ በተሠራው መጎተቻ ብረት ብቻ ነው። ገመዱን ከአክስሉ ወይም ከላይኛው ማያያዣ ላይ ማሰር ትራክተሩን ወደ ኋላ ስቦ ለመጣል የተመቸ ጉልበት እንደ መስጠት ነው።

ወደ ጎን መገልበጥ ደግሞ የሚያሰጋው ሜዳው አልቆ ወደ ዓባይ በረሓ ማዘንበል በሚጀምርበት በኩል፣ በእርከኑ ጠርዝና በፈፋው ዳር ነው። የትራክተር ክብደት ከመሬት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ በጎን ባለ ዳገት ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ወይም ሌላው ጉድጓድ ሲገባ ሚዛኑን በቀላሉ ያጣል። ፍጥነትም አደጋውን ያብሰዋል፤ በመጠምዘዣ ላይ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ውጭ የሚገፋው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለፈፋ ዳር እርሻ የሚያገለግል ቀላል መለኪያ አለ። ይኸውም የፈፋው ጥልቀት ሁለት ሜትር ከሆነ ከጠርዙ ቢያንስ ሁለት ሜትር መራቅ፣ ሦስት ከሆነም ሦስት መራቅ ነው። ስንጥቅ የሚያወጣው ዋልካ ጠርዙ ድንገት የሚናድ ስለ ሆነ ከዚህም በላይ ቢርቁ ያተርፋሉ እንጂ አይከስሩም። አንድ ትልም ጤፍ የቀረበት ገበሬ ሌላ ዓመት ይዘራዋል።

ለዚህ አደጋ ዓለም ያገኘችው ፍቱን መድኀኒት ውስብስብ አይደለም። ከነጂው መቀመጫ በላይ ወይም በስተኋላ የሚተከል ጠንካራ የብረት ቅስት ነው። ትራክተሩ ቢገለበጥ ቅስቱ መሬት ይዞ ያስቆመዋል፤ በነጂው ዙሪያም ክፍት ቦታ ይተዋል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ የሚሸጥ ትራክተር ሁሉ ይህ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ አዘዘች፤ ኋላም ደንቡን በአሮጌዎቹ ላይ አጸናች። በሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ በመገልበጥ የሚሞተው የስዊድን ገበሬ ቍጥር ወደ ምንም ሊጠጋ ደረሰ። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1976 ሠራተኛ የሚነዳው አዲስ ትራክተር ይህንኑ እንዲይዝ ደነገጉ። ሕጉ ከወጣ ከስምንት ዓመት በኋላ በጭላሎ ከእኛ ጋር የሠራችው ያችው ስዊድን እንደ ነበረች ስናስብ፣ ትራክተሩን ስንቀበል ቅስቱንም አብረን ልንጠይቅ ይገባን እንደ ነበር እንረዳለን።

በዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። አንደኛው፣ ቅስት ባለው ትራክተር ላይ የደኅንነት ቀበቶ መታጠቅ ግዴታ ነው፤ ቀበቶ ያልታጠቀ ሰው ከተጠበቀለት ቦታ ተወርውሮ በራሱ ቅስት ሥር ሊወድቅ ይችላል። ቅስት በሌለው ትራክተር ላይ ግን ቀበቶ አይታጠቁም። ሁለተኛው፣ ቅስቱ ተፈትኖ የጸደቀና ለዚያው ትራክተር የተሠራ መሆን አለበት። ከመንደር ብየዳ ቤት በማናቸውም ቧንቧ የተሠራ ቅስት ለዐይን ቢያምርም በሦስት ሺሕ ኪሎ ሥር ሊታጠፍ ይችላል። ጥላ እንዲሆን የተሠራ ቆርቆሮም ከፀሓይ እንጂ ከሞት አያድንም።

ስለሚሽከረከረው ዘንግ

ትራክተር ከማረስ ሌላ ኀይሉን በስተኋላው በሚወጣ ዘንግ ለሌሎች መኪናዎች ያበድራል። መካኒኮቻችን ፒቲኦ የሚሉት ይህ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ እንዲዞር ሆኖ የተሠራ ነው። ይህም ማለት በአንድ ሴኮንድ ዘጠኝ ጊዜ መዞር ነው። የጋቢ ጫፍ ወይም የእጅጌ ክር የያዘው እንደ ሆነ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል። ሰውየው «ወይኔ» እስኪል ድረስ ክንዱ ከልብሱ ጋር ተጠምጥሟል። ይህንን ከጕልበት ጋር ታግሎ የሚያሸንፍ ጎበዝ አልተወለደም።

ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ ዘንግ በላስቲክ ከፈፍ ተሸፍኖ ነው። ከፈፉ ሲሰበር ግን ብዙ ሰው አውልቆ ይጥለዋል፤ መኪናው ያለ እርሱም ይሠራልና። እኛ የምንለው፣ ከፈፍ የሌለው ዘንግ አፎት የሌለው ጎራዴ ማለት ነው። ከፈፉ ቢሰበር በሌላ ይተካ፤ እስኪተካም ድረስ ዘንጉ አይዙር። የሚዞርን ዘንግ ተራምዶ ማለፍም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ዞሮ መሄድ የሚፈጀው አሥር እርምጃ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉ ታጭዶ ሲከመር የመውቂያው መኪና ወደ ማሳው ይመጣል። ቀድሞ በአውድማ ላይ በበሬ እየተሄደ በብዙ ቀን ያልቅ የነበረው ሥራ በሰዓታት ያልቃል፤ ይህም ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁንና ነዶውን ወደ መኪናው አፍ የሚያስገባው ሰው በውስጥ ከሚሽከረከሩት ጥርሶች የሚለየው አንድ ክንድ ርቀት ብቻ ነው። ነዶው ረጥቦ ወይም ተወጥሮ ሲታነቅ ሰው ሳያስበው በእጁ ይገፋዋል፤ መኪናው ነዶውን ሲጎትት እጁን አብሮ ይጎትተዋል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠበቅ። የማስገቢያው ሣህን ከክንድ የረዘመ ይሁን፤ የታነቀ ነዶ የሚነካው ሞተሩ ጠፍቶ መሽከርከሩ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ይሁን፤ ነዶ አስገቢውም በየጊዜው ይቀየር፤ የደከመ እጅ ስሕተት አያጣውምና።

ልብስም ነገር አለው። ጋቢና ኩታ፣ የተፈታ መቀነት፣ የነጠላ ጫፍና ያልታሰረ ሻሽ ከሚዞር ነገር አጠገብ ቦታ የላቸውም። በየመንደሩ የተተከለው የእህል ወፍጮ ለዚህ ጥሩ መምህር ነው። የወፍጮ ቤት ቺንጋ ክፍት ሆኖ በሚዞርበት ስፍራ እህል ልታስፈጭ የመጣች ሴት ነጠላዋ ቢያዝ ምን እንደሚደርስባት ማንም ሊገምት ይችላል። ለቺንጋው የሚሆን የቆርቆሮና የሽቦ መከለያ ማናቸውም የደጀን ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል፤ ይህ እንደ ቅስቱ የፋብሪካ ፈተና አያስፈልገውም።

ከዚህ ሌላ ገለባና ጭድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ የሞተሩ ማርሚታ ከክምሩ ርቆ፣ ነፋሱም ብልጭታውን ከክምሩ ወዲያ እንዲወስደው ሆኖ መቆም አለበት። ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በኮምባይነሩ የማጨጃ ክፍል ሥር ገብቶ የሚጠግን ሰውም ክፍሉን በሃይድሮሊኩ ብቻ ሳይተማመን በመደገፊያው ብረት መቆለፍ አለበት። ሃይድሮሊኩ ሲያፈስም ቀዳዳውን በጣት መፈለግ አይገባም፤ በኀይል የሚረጨው ዘይት ቆዳን በስቶ ስለሚገባ በካርቶን ቍራጭ መፈለግ ይሻላል።

ስለ መንገዱ

ትራክተር በማሳ ላይ ብቻ አይውልም፤ ተሳቢውን ጎትቶ በአስፋልቱ ላይ ከመኪኖች ጋር ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ሁለቱ የፍሬን መርገጫዎች በአንድነት መቆለፍ አለባቸው፤ አንዱ ብቻ የተረገጠ እንደ ሆነ በፍጥነት የሚሄደው ትራክተር በአንድ ወገን ተይዞ ይገለበጣል። የዓባይን ቁልቁለት በጭነት የሚወርድ ነጂ ደግሞ ገና ከላይ ሳለ ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባት ይገባዋል። ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ በፎሌ መልቀቅ ተሳቢውን ከኋላ የሚገፋ ጠላት ማድረግ ነው፤ ፍሬኑ ከጋለ በኋላ ማርሽ ለማስገባት ቢሞክሩ አይሆንም።

ማታ ማታ ደግሞ መብራት የሌለው ተሳቢ ከኋላው ለሚመጣው አውቶቡስ እንደ ቆመ ግንብ ነው። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ብለው ያወጡት ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ መካከሉ ብርቱካንማ ዳሩ ቀይ ሆኖ ብርሃን የሚመልስ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የዝግተኛ ተሽከርካሪ መታወቂያ ነው። ዋጋው ከአንድ ጎማ ጥገና የማይበልጥ ነገር ብዙ ነፍስ ያተርፋል።

መንገድን ካነሣን የማናልፈው አንድ ልማድ አለ። በገበያ ቀን ትራክተር ሲያልፍ ሰው በፓራፋንጎው ላይ፣ በመጎተቻው ብረት ላይና በተሳቢው አፋፍ ላይ ይንጠለጠላል። ነጂውም «አያ፣ ውረዱ» ማለት ነውር መስሎት ዝም ይላል። ፓራፋንጎ የጭቃ መከላከያ እንጂ ወንበር አይደለም፤ አንድ ጉድጓድ የጣለው ሰው የሚወድቀው በቀጥታ ከኋላው ጎማ ፊት ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ አንድ መቀመጫ ላለው ትራክተር የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌን በአክብሮት እንቢ ማለት ከለቅሶው ቤት ገብቶ ከማልቀስ ይሻላል።

ችኮላው ከየት ይመጣል?

ከዚህ በላይ የዘረዘርነውን ብዙዎቹ ነጂዎች ጨርሶ አያውቁም ማለት አይቻልም። ዐውቀው ለምን ያልፉታል የተባለ እንደ ሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ በኪራዩ ዐይነት ውስጥ ይገኛል። ትራክተሩ የሚከራየው በሄክታር፣ ኮምባይነሩ በኩንታል ነው። ከአርሲና ከባሌ የመኸሩን ወቅት ተከትሎ የሚዘዋወረው ኮምባይነር በአንድ ቀበሌ የሚያሳልፈው ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ደላላው ለሚቀጥለው ማሳ ተስማምቷል፤ ባለ ማሳውም ዝናብ ሳይመታው እህሉን ማየት ይፈልጋል። የታነቀን ነዶ ሞተር አጥፍቶ ማውጣት አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ሞተሩ እየሠራ በእጅ መንጠቅ ግን አንድ ደቂቃ። እንዲህ ሲሆን ነጂው የሚያተርፈው ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ የሚያሲዘው ግን እጁን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የተቈረጠ እጅ ግን አይለቀምም።

አንዳንዱም «ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ መኪናው ምን አደረገ» ይላል። ስለ ቀን መድረስ ለመከራከር አንፈልግም። ይሁን እንጂ ይህንኑ የሚለው ገበሬ ማታ በረቱን ሳይዘጋ አይተኛም፤ ጅብ መኖሩን ያውቃልና። ለበሬው ያደረገውን ጥንቃቄ ለራሱ ልጅ ቢያደርግ ሃይማኖቱን አያጐድልበትም።

ስለ ሕጉም ወጣት ሹማምንት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር፣ 18 ዓመት ያልሞላውም አደገኛ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ነገር ግን ይህ አዋጅ የሚናገረው ተቀጥሮ ስለሚሠራ ሰው ነው። በደጀን ማሳ ላይ ከመውቂያው አጠገብ የሚቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ የተቀጠሩ ሳይሆኑ በወንፈል ወይም በደቦ የመጡ ጎረቤቶችና ዘመዶች ናቸው። እነዚህ ጉዳት ቢደርስባቸው ወዴት ይሄዳሉ? መልሱ ያለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። በቍጥር 2081 እንደ ተደነገገው የመኪና ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው መኪናውን እንዲያንቀሳቅስ ባልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ከኀላፊነት አያመልጥም። ባለ መኪናዎች ይህን ቢያውቁ ቁልፉን በመኪናው ላይ ትተው ምሳ ለመብላት ባልሄዱም ነበር።

ወጣቱ ሹም ሊጠይቀው የሚገባ

የዓለም የሥራ ድርጅት ግብርናን ከማዕድንና ከሕንፃ ሥራ ጋር በአደገኝነት ከሚታወቁት ሦስት የሥራ መስኮች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ስለዚሁም እ.ኤ.አ. በ2001 ስምምነት ቍጥር 184ን አውጥቷል። በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በሙያ ማሠልጠኛዎች የተቀመጡት ወጣቶች ግን ሩቅ አገር ያለውን ስምምነት ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ አለ።

አንደኛ፣ ለማኅበር የሚገዛ ወይም ለቀበሌ የሚመደብ ትራክተር ሲመጣ ከፈረስ ጕልበቱና ከዋጋው ጋር «ቅስት አለው ወይ? ቀበቶስ? የፒቲኦው ከፈፍስ?» ብሎ መጠየቅ። ሁለተኛ፣ ነጂው መንጃ ፈቃድ እንዳለው ካረጋገጡ በኋላ ረዳቱንም ማስተማር፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለሁለቱም ነው። ሦስተኛ፣ መኪናው ወደ ማሳው ከመግባቱ በፊት ባለ ማሳውና ነጂው አብረው በእግር እንዲዞሩ ማድረግ፤ ፈፋውን፣ የተቀበረውን ድንጋይና ረግረጉን የሚያውቀው ባለ ማሳው ስለ ሆነ በእንጨት ምልክት ያድርግበት። አራተኛ፣ በኪራዩ ውል ላይ የሥራው ሰዓት እንዲጻፍና ሌሊት ያለ መብራት እንዳይሠራ መስማማት። አምስተኛ፣ በቀበሌው የደረሰውን ጉዳት ሁሉ፣ ለጥቂት የተረፈውንም ጭምር፣ ቀኑን፣ የመኪናውን ዐይነትና ምክንያቱን ለይቶ በመዝገብ ማስፈር። የተመዘገበ አደጋ ለሚቀጥለው ነጂ መምህር ይሆናል፤ ያልተመዘገበው ግን የለቅሶ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

አደጋ የደረሰ እንደ ሆነም የመጀመሪያው ሥራ ጕዳተኛውን መጎተት ሳይሆን ሞተሩን ማጥፋት ነው። በሚዞር መኪና ላይ ተሯሩጦ የሚገባ ዘመድ ሁለተኛ ጕዳተኛ ይሆናል። ደም የሚፈሰው ስፍራ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፤ ጕዳተኛውም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መኪናው የሚቆምበትን ቁልፍና የነዳጁን መዝጊያ በማሳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቢያውቀው ይህ ሥራ የሴኮንዶች ነው። ስለዚህ ጧት ሥራ ሳይጀመር ነጂው «ይህን ስትስቡ ይጠፋል» ብሎ ለሁሉም ያሳይ።

ከዚህ ሁሉ የምናየው የእርሻ መኪና አደጋ ዕድል ብቻ የሚያመጣው አለመሆኑን ነው። ግንዱን ከጎማው ፊት የደቀነው እጅ የሰው እጅ ነው፤ ከፈፉንም አውልቆ የጣለው እንዲሁ። በሰው እጅ የመጣ ነገር በሰው እጅ ይመለሳል። ደጀን ከዓባይ አቀበት በላይ የጎጃም በር ናት፤ ወደዚያ የእርሻ ሜዳ በአዲስ አበባ መንገድ የሚጓዘው መኪና ሁሉ በርስዋ በኩል ያልፋል። በሩ ላይ የቆሙት ወጣት ሹማምንትና ነገ ቦታቸውን የሚረከቡት ተማሪዎች፣ የሚያልፈውን ትራክተር በቍጥር ከመመዝገብ ዐልፈው ነጂው በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባበትን መሣሪያ ይዞ መሆኑን ቢመረምሩ፣ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውን በሥራ አዋሉት ማለት ነው።